ጨውን አንብበን እንግዛ

«ጨው» በ2 ፊደል ይጻፋል። ጨ እና ው። ፊደል ከቆጠራችሁ ገና ጥቂት ወር ቢሆናችሁም ይህን ቃል ሳትቸገሩ ታነቡታላችሁ። እዚህ ጨንቻ፣ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያችን ይህን ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ ዕለት፣ አንድ አባት ከኋላ ተቀምጠው «ልጄ፣ ጨውን እኮ በምላሳችን እናውቀዋለን፤ ለምን በጠመኔ ታደክመናለህ?» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እውነታቸውን ነው። ጨውን የማያውቅ ሰው የለም።

ነገር ግን በምላስ ማወቅና አንብቦ ማወቅ ለየቅል ናቸው። ጨው መሆኑን ምላስ ይነግረናል። ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደ ተጨመረበት፣ ምን እንደ ጎደለው ግን ምላስ አይነግረንም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አንብቡልኝ። ማንበብ ያልጀመረ ጎረቤት ካላችሁም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

ጨው ለሰውነታችን

ገበሬ ሲቆፍር ያልበዋል። ላቡ ወርዶ ከንፈሩን ሲነካው ምን ምን ይላል? ጨው ጨው ይላል። እንባችንም እንደዚሁ ነው። ጣታችን ተቆርጦ የመጠጥነው ደምም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጨው በድስታችን ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሰውነታችን ውስጥም አለ ማለት ነው። ሥራውም ትልቅ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ያለውን ውሃ ይዞ ያቆያል። ጡንቻችን እንዲታዘዝ፣ ከአንጎላችን ወደ እጅና እግራችን የሚሄደው መልእክት እንዲደርስ ይረዳል። ጨው ጨርሶ ያጣ ሰው ይደክማል፤ ይዞርበታል፤ ሲብስም ይሞታል።

ከብቶቻችንም ይህን ያውቃሉ። ላም አሞሌ ወይም ቦሌ ስታገኝ እንዴት እንደምትልስ አይታችኋል። ማንም አላስተማራትም። ሰውነቷ ፈልጎት ነው።

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው የሚጎዳው ውሃና ጨው ከሰውነቱ አብረው ስለሚወጡ ነው። ስለዚህ ከጤና ኬላ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» የተባለውን በከረጢት የታሸገ ዱቄት ወስዳችሁ፣ በላዩ ላይ እንደ ተጻፈው በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። እሱ በቅርብ ከሌለ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ያልተከመረ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ያልተከመረ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ በጥብጡ። ልብ በሉ፤ ጨው ከግማሽ ማንኪያ አይለፍ። ከበዛ ልጁን ይጎዳዋል። ይህን ሰጥቶ መቀመጥም አይገባም። ወደ ጤና ኬላ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ጨው ገንዘብ በነበረበት ጊዜ

በጋሞ ደጋ እንሰት አለ። ገብስ አለ። ድንች አለ። የጨንቻን ፖም አገር ያውቀዋል። ሸማኔያችን ጋቢና ቡልኮ ይሠራል። ቤታችንን በቀርከሃ እንሠራለን። ጨው ግን ከመሬታችን አይወጣም። ዱሮም ዛሬም ከሩቅ ነው የሚመጣልን።

ከየት ይመጣ ነበር? የታወቀው የአሞሌ ጨው አገር በአፋር ምድር፣ በዳሎል አካባቢ ነው። እኛ ጨንቻ ላይ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብለን እንኖራለን፤ ብርዱም ለዚህ ነው። ያ አገር ግን ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ሙቀቱ ያቃጥላል። በጥንት ዘመን ባሕር ገብቶበት ደርቆ ስለ ቀረ መሬቱ ጨው ሆኗል። ሠራተኞች የጨውን መሬት በመጥረቢያ ሰንጥቀው፣ በእንጨት ፈንቅለው፣ እንደ ጡብ ይጠርቡታል። ከዚያ በግመል ተጭኖ በበራህሌ በኩል ወደ መቀሌ ይወጣል። ዛሬ መኪናም ይጭነዋል። ዱሮ ግን ጉዞው ሁሉ በእግር ነበር።

የዚህ ንግድ ታሪክ ረጅም ነው። ከ1,400 ዓመት በላይ በፊት፣ በአክሱም ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አንድ ነገር ጽፎ ትቶልናል። የአክሱም ሰዎች ከብት፣ ብረትና ጨው ይዘው ወርቅ ወዳለበት አገር ይሄዱና በወርቅ ይለውጡ ነበር ይላል። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል የመጣው ቄስ አልቫሬዝም ጨው በአገራችን እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግል፣ ከተቆፈረበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ ብላችሁ አስቡት። አሞሌ ከአፋር ተነሥቶ እስከ ከፋ ድረስ ይሄድ ነበር። በየኬላው ቀረጥ ይከፈልበታል። በየገበያው ነጋዴ ይለዋወጠዋል። እያንዳንዱ እጅ የራሱን ያነሣል። የዚህን ሁሉ ዋጋ በመጨረሻ የሚከፍለው ማን ነው? ከመንገዱ ጫፍ ያለው ገበሬ ነው። ለዚያ ገበሬ አንድ አሞሌ ትልቅ ሀብት ነበር። አሞሌው ከተሰበረ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ እንዳይሰበር በልጥ ያስሩት ነበር። ዝናብ ቢመታውስ? ገንዘቡ ይሟሟል። እስቲ አስቡት፤ ሀብታችሁ በዝናብ ሲሟሟ!

ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በስማቸው ብር ካሳተሙ በኋላም አሞሌ ወዲያው ከገበያ አልጠፋም። ብዙ ዓመት ከብሩ ጎን ለጎን ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል።

ወደ ደቡብም ሌላ የጨው ቦታ አለ። በቦረና ኤል ሶድ የሚባል፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ከታች ጥቁር ጨዋማ ውሃ ተኝቷል። ሰዎች ራቁታቸውን ውሃው ውስጥ ጠልቀው ጨውን ከጭቃ ጋር ያወጣሉ፤ አህያ ተሸክማ ገደሉን ትወጣለች። ከብቶች የሚልሱት ጨው እንዲህ ባለ ድካም የሚገኝ ነው። በእጃችን ዘግነን የምንበትነው ጨው ስንት ሰው እንደ ደከመበት ማወቅ ይገባናል።

በሌላውም ዓለም ሕዝብ በጨው ተጨቁኗል። በፈረንሳይ ነገሥታቱ በጨው ላይ ከባድ ግብር ጥለው ነበር። ያ ግብር ሕዝቡ በ1789 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ለአብዮት እንዲነሣ ካደረጉት ምሬቶች አንዱ ነበር። በሕንድ የእንግሊዝ ገዥዎች ድኻው ከገዛ ባሕሩ ጨው እንዳያነሣ በሕግ ከለከሉት። በ1930 (በፈረንጆች) ማኅተመ ጋንዲ ተከታዮቻቸውን ይዘው 24 ቀን በእግር ተጉዘው ባሕር ዳር ደረሱ። ጎንበስ ብለውም አንድ እፍኝ ጨው አነሡ። ያች አንድ እፍኝ ጨው የሕንድን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አነሣሣች። ስለዚህ «ጨው ትንሽ ነገር ነው» የሚል ሰው ካለ ታሪክን አያውቅም።

ከኋላ የምትቀመጠው እናት

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ታሪክ ብቻ አይደለም።

በማታው ትምህርት ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት እናት አለች። ልጇን አዝላ ትመጣለች። አንገቷን በነጠላ ትሸፍናለች። ብርዱ ነው ብዬ ነበር። አንድ ማታ በሽታዎችን በስማቸው ስንጽፍ «እንቅርት» የሚለውን ቃል ጻፍን። እሷ አንገቷን ደፋች። ገባኝ። ትምህርቱ አልቆ ሰው ሲበተን ቀረበችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «ይህን የሰጠኝ የምንጩ ውሃ ነው ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ እርግማን ነው ይላል። አንተ ተምረሃል፤ የቱ ነው?»

ያን ማታ በደንብ አልመለስኩላትም። ከዚያ የጤና ሠራተኞችን ጠየቅሁ፤ መጽሐፍም አየሁ። መልሱን ዛሬ ለሁላችሁም እጽፈዋለሁ። የብዙ ቤት ጥያቄ ነውና።

እንቅርት እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአንገታችን ውስጥ አንዲት ዕጢ አለች። ይህች ዕጢ ለሥራዋ አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር ትፈልጋለች። የምትፈልገው እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው ተሰብስቦ ቢለካ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ነገር ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማግኘት አለበት። ካላገኘች ዕጢዋ «ያለችውን ልያዝ» ብላ እየሰፋች ትሄዳለች። እንቅርት ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ለምን በደጋ ይበዛል? አዮዲን ከአፈር ይገኛል። በተራራ አገር ብዙ ዝናብ ይጥላል። ጎርፍ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ይወርዳል። አፈሩ ካጣ፣ በላዩ የበቀለው ገብስም፣ እንሰቱም፣ ጎመኑም ያጣል። ያን የሚበላ ሰውም ያጣል። የእኛ ጥፋት አይደለም። የተራራ ነገር ነው። በአውሮፓ ስዊዘርላንድ የሚባል የተራራ አገር አለ። እዚያም እንቅርት እጅግ በዝቶ ነበር። በ1922 (በፈረንጆች) ጨዋቸው ውስጥ አዮዲን መጨመር ጀመሩ። እንቅርትም እየጠፋ ሄደ።

የሚያሳዝነው እንቅርት ከአንገት በላይ የሚዘልቅ ጉዳት ያለው መሆኑ ነው። እናት እርጉዝ ሳለች አዮዲን በጣም ካጣች ጽንሱ ሊወርድ ይችላል፤ ልጁ ሞቶም ሊወለድ ይችላል። በሕይወት ቢወለድም ደንቆሮና ዲዳ፣ ቁመቱ የቀረ፣ አእምሮው የዘገየ ሊሆን ይችላል። ይህ ከደረሰ በኋላ አይመለስም። ጉዳቱ ቀለል ያለ ሲሆን እንኳ ልጁ በትምህርቱ ይደክማል። ስንት ልጅ «ሰነፍ ነው» ተብሎ ተገርፏል! ሰነፍ ሳይሆን አዮዲን ያጣ ቢሆንስ?

ሕግ ወጥቷል፤ የቀረው የእኛ ነው

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ፣ ሀብታሙም ድኻውም፣ በየቀኑ ጨው ይበላል። ስለዚህ አዮዲንን በጨው ውስጥ መጨመር ለሁሉም ማዳረስ ማለት ነው።

ከ1990 ዓ.ም. በፊት አብዛኛው የምግብ ጨዋችን ከምጽዋና ከአሰብ ነበር የሚመጣው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ። አዮዲን ያለው ጨውም ከገበያ እየጠፋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዋናው የጨው ምንጫችን በአፋር የሚገኘው የአፍዴራ ሐይቅ ሆነ። የሐይቁን ውሃ ወደ ገንዳ ይስቡታል፤ ፀሐይ ውሃውን ታደርቀዋለች፤ ጨው ይቀራል። ይህ ጨው ብዙ ዓመት አዮዲን ሳይጨመርበት ተሸጠ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አወጣ። ለውጡም ታየ። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ሲጠና ከ10 ቤት 9 ያህሉ ጋ ተገኘ።

ይህ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን «አለበት» ማለት «ይበቃዋል» ማለት አይደለም። በብዙ ቤት የተገኘው አዮዲን ከሚያስፈልገው ያነሰ ነበር። ለምን? አዮዲን ፀሐይ፣ ሙቀትና እርጥበት ስለማይወድ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው በመንገድና በገበያ ይባክናል። እኔ ራሴ ተታልያለሁ። አንድ የገበያ ቀን አፉ ከተከፈተ ጆንያ ጨው ገዛሁ። ሻጩ «አዮዲን ያለው ነው» አለኝ። አመንኩት። በኋላ ሳስበው ጆንያው ስንት ፀሐይ እንደ መታው፣ ስንት ዝናብ እንደ ወረደበት ማን ያውቃል? ማንበብ እችላለሁ፤ ነገር ግን ክፍት ጆንያ ምን ይነበብበታል? ፊደል የለውም። እዚያ ላይ የተማረውም ያልተማረውም አንድ ነው።

አንዳንድ ሰው ይከራከረኛል። «የታሸገው ይወደዳል» ይላል። እውነት ነው፤ ጥቂት ይወደዳል። እስቲ በተማርነው ሒሳብ እናስላው። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 5 ግራም ጨው፣ ማለትም ያልተከመረ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። 5 ሰው ላለበት ቤት 5 ጊዜ 5፣ 25 ግራም ነው። በ30 ቀን 750 ግራም ይሆናል። 1 ኪሎ ለአንድ ወር ተርፎ ያልፋል ማለት ነው። እንግዲህ ልዩነቱ በወር በ1 ኪሎ ላይ የሚከፈለው ጥቂት ገንዘብ ብቻ ነው። ይህን ከአንድ ልጅ አእምሮ ጋር መዝኑት። የቱ ይከብዳል?

ሌላው «ከአባቶቻችን ጀምሮ የበላነው ጨው ምን አደረገን?» ይላል። አባቶቻችንን አከብራለሁ። ነገር ግን አንገታቸውን እንይ። የእናቶቻችንን አንገት እንይ። ጨውማ አልጎዳቸውም። የጎደለው ነገር ነው የጎዳቸው።

ምን እናድርግ?

1ኛ. ለምግብ የሚሆነውን ጨው በላስቲክ የታሸገውን እንግዛ። በላዩ ላይ «አዮዲን» የሚለውን ቃል እንፈልግ። አ፣ ዮ፣ ዲ፣ ን። 4 ፊደል ነው። የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ጊዜም እንይ። ከሌለው እንመልሰው።

2ኛ. ቤት ስናስገባው ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ እናስቀምጠው። እንዳይረጥብ ብለን ምድጃ አጠገብ ማኖር ልማዳችን ነው። ሙቀቱ ግን አዮዲኑን ይወስደዋል። ከእሳት ራቅ እናድርገው። ጨውን በውሃ ማጠብም አይገባም።

3ኛ. ወጡ ሊወርድ ሲል እንጨምረው እንጂ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሮ አይፍላ። ለዳጣውም፣ ለቡና ቅጠሉም ይኸው ጨው ይሁን።

4ኛ. አዮዲን ያለው ነው ብለን አናብዛው። ጨው የሚያበዛ ሰው የደም ግፊት ሊይዘው ይችላል። የሚያስፈልገን ጥሩ ጨው እንጂ ብዙ ጨው አይደለም።

5ኛ. አሞሌና ቦሌ ለከብት ይሁን። ለሰው ምግብ አዮዲን የተጨመረበት ይለይ።

6ኛ. ይህ በየቤቱ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በማኅበር መነጋገር አለብን። አስቀድመን እንዳሰላነው አንድ ቤት በወር 750 ግራም ይበቃዋል። 100 ቤት ቢተባበር 75 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም። ይህን የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ታሽጎ ከአርባ ምንጭ አስመጥቶ በተመጣጣኝ ዋጋ ሊያከፋፍል አይችልም ወይ? ይችላል። ማዳበሪያና ዘር ያመጣ ማኅበር ጨው አይከብደውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ከሸማኔ ልጅ በላይ ማን ያውቀዋል! የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም መጥታ ጨዋችንን እንድትፈትሽልን እንጠይቅ። ጨው ላይ የምትጠባ መፈተሻ ጠብታ አለች። አዮዲን ካለበት ጨው ላይ ስታርፍ መልኩን ወደ ሰማያዊ ትለውጠዋለች። በዱቡሻ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት በዓይናችን ብናየው ክርክሩ ያበቃል።

ለዚያች እናት

በመጨረሻ ለዚያች እናት የሰጠኋትን መልስ ልጻፍ። ጠይቄ፣ አንብቤ ስመለስ ነገርኳት። «ጨው ከበላሁ የእኔ ይጠፋልኛል?» አለችኝ። መዋሸት አልፈለግሁም። ቆይቶ የተለቀ እንቅርት በጨው ብቻ አይጠፋም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ከጤና ጣቢያ ሂጂ አልኳት። ዝም አለች። ቀጥላ ጀርባዋ ላይ የተኛችውን ልጇን ዞር ብላ አየችና «የእሷስ?» አለችኝ።

የእሷማ እንዳይመጣ ማድረግ ይቻላል። ቀላል ነው። አሁኑኑ ከተጀመረ ያች ልጅ አንገቷን በነጠላ ሳትሸፍን ታድጋለች። ትምህርት ቤት ገብታም ከፊት ትቀመጣለች።

በሚቀጥለው ሳምንት እናትየው ባዶ የጨው ላስቲክ ይዛ ወደ ትምህርት መጣች። አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥፋ ይዛዋለች። ጣቷን እያስኬደች «አ… ዮ… ዲ… ን» ብላ አነበበችልኝ። እኔ አላስጠናኋትም። ራሷ ገበያ ሄዳ ፈልጋ ነው ያገኘችው።

ውድ አንባቢዎች፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ይህ ተረት ለፊደልም ይሠራል። ፊደል ቆጥረን ከደብተር ካላወጣነው፣ ወደ ገበያና ወደ ጓዳ ካላስገባነው፣ ጣዕም እንደሌለው ጨው ይሆንብናል። እንግዲህ በሚመጣው የገበያ ቀን ጨው ስትገዙ አትቸኩሉ። ላስቲኩን አንሡ፤ አገላብጡ፤ አራቱን ፊደል ፈልጉ። ሻጩ ቢስቅባችሁም አትፈሩ። አንብባችሁ ግዙ፤ ላላነበበውም አንብቡለት።